ሕመምሽ ከአሥር ስንት ነው?

ሳራጎሳ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ዘሥላሴ፤ አንኮበር።

ጋሼ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱልኝ? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷ፣ ዓይኗ፣ ጎረቤቱ፣ ከብቱ፣ ሁሉም እንዴት ከረመ? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ቅዱስ ሚካኤል የተመሰገነ ይሁን ደኅና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በእጄ ጽፌ፣ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ደብረ ብርሃን ለቴዎፍሎስ እልከዋለሁ። እሱ በፎቶ ኮፒ ቤቱ አትሞ በአንኮበር አውቶቡስ ይሰድልዎታል፤ መልስዎንም እንዲሁ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል። እናንተ ጋ ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ ሌላ መንገድ አጣሁ። ቢኖርም እርስዎ ጆሮዎ ስለሚከብድ እኔ ስጮህ፣ እርስዎ «ሃሎ፣ ማን ልበል?» ሲሉ ካርዱ ያልቃል።

ጋሼ፣ ከላይ ደኅና ነኝ ያልኩት ለደብዳቤው ወግ ነው። አሞኛል። እባክዎ ይህቺን ለእማዬ አያንብቡላት።

ከነሐሴ ጀምሮ ከቀኝ ጎድኔ ሥር ይነሳና ወደ ጀርባዬ ዞሮ ትከሻዬ ላይ ይወጣል። ሲነሳብኝ መቆምም መተኛትም አልችልም። የማስታምማት አሮጊት ዶኛ ኤንካርና ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እሷን ከአልጋ ማንሳት የኔ ሥራ ሆኖ ሳለ ባለፈው ሳምንት እሷ በተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ሆና እኔን ከወጥ ቤቱ ወለል ላይ ልታነሳኝ ስትታገል ነበር። በጣም ፈራሁ።

ሐኪም ዘንድ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያ ቀን ሐኪሟ «እንዴት ነሽ?» አለችኝ። እኔም እንዳደግሁበት «ቢየን፣ ግራሲያስ አ ዲዮስ» አልኩ፤ ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። «ታዲያ ለምን መጣሽ?» አለችኝ። ምን ልበላት? ሆዴን በእጄ አሳየኋት። ቀጥላ «ሕመምሽ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው?» አለች። ሁለት አልኩ። ፓራሲታሞል ሰጥታ ሸኘችኝ። በሁለተኛውም ጊዜ ሁለት አልኩ፤ አሁንም ፓራሲታሞል።

ሁለት ያልኩት ስለ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ አሥር ብዬ ብጮህ እግዚአብሔርን ማማረር መሰለኝ። ሁለተኛ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አልወጣም፤ ብዙ ካመመኝ ስሜን ወዴት እንደሚያስተላልፉት አላውቅም። ሦስተኛው፣ አሥር ያለች ሠራተኛ ነገ ማን ሥራ ይሰጣታል?

እርስዎ በልጅነትዎ ኩባ አድገው የዚህን ሕዝብ ቋንቋ እንደ አፍ መፍቻ ያውቁታል። እኔ ያለኝ የገበያና የወጥ ቤት እስፓኞል ነው። ሽንኩርት መግዛት እችላለሁ፤ ሕመሜን መናገር አልቻልኩም። እባክዎ ቃል ይላኩልኝ።

ልጅዎ ሠናይት

*

አንኮበር፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሠናይት፤ ባለሽበት እመ ብርሃን በመጎናጸፊያዋ ትሸፍንሽ።

እኔ ደኅና ነኝ። እናትሽም ደኅና ናት፤ «የማሕፀኔ ፍሬ፣ ዓይንሽን ሳላይ አልሞትም» ብላሻለች። ብርዱ ስለበረታ ጉልበቷን ይዟታል፤ እዚያ ጥሩ ቅባት አለ ይባላልና ሰው ስታገኚ ላኪላት።

የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው አሉ! ዘጠኝ ዓመት በእስፓኞል ሲበላ፣ ሲማር፣ ሲደበደብ የኖረ አጎት እያለሽ እስፔን ላይ አፍሽ ይያዝ?

አንቺ ልጅ፣ እኔ ሠላሳ አምስት ዓመት ከብት ያከምኩ ሰው ነኝ። በሬ የት እንደሚያመው አይነግረኝም። ሆዱን እዳስሳለሁ፣ ጆሮው መሞቁን አያለሁ፣ ማመንዠኩን አዳምጣለሁ፣ እበቱን ሳይቀር አገላብጣለሁ። አፍ የለውምና አልቀየመውም። አንቺ ግን አፍ አለሽ። አፍ ያለው ሰው ሁለት ብሎ ሲሄድ ሐኪሟ ምን ታድርግ? እበትሽን ታገላብጥ?

ስሚኝ። ያመኛል ማለት ሜ ዱዌሌ ነው። አሠራሩ ልክ እንደኛ ነው፤ አንቺ ሕመሙን አትሠሪውም፣ እሱ ነው አንቺን የሚሠራሽ። ስለዚህ አማረርሽ የሚልሽ የለም፤ የሌላ ሰው ጥፋት እንደ መናገር ቁጠሪው። እንደ ጦር የሚወጋሽ ከሆነ ፑንሳንቴ በዪ። የሚያቃጥል ከሆነ ኬማንቴ። መጥቶ ጨምድዶ የሚለቅ ቁርጠት ከሆነ ኮሊኮ። ድንዝዝ ብሎ ውስጥ ተቀምጦ የማይነሳውን ደግሞ ዶሎር ሶርዶ ይሉታል፤ ደንቆሮ ሕመም ማለት ነው። እንደ አጎትሽ፣ ብትጮሂበትም አይሰማም።

እነዚህን በወረቀት ጽፈሽ ያዢ። ሐኪሟ ዘንድ ስትገቢ ደኅና ነኝ የሚለውን በር ላይ ትተሽ ግቢ፤ ስትወጪ ታነሺዋለሽ። ቁጥር ስትጠይቅሽም እውነቱን ንገሪያት። ሁለት ለእሾህ ነው። ወለል ላይ የጣለሽ ነገር እሾህ አይደለም።

ስለ ወረቀትሽ መፍራትሽ ይገባኛል፤ ግን ሐኪም የሚጠይቀው ስለ ጎድንሽ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እየሰማሽ ነው ያደግሽው።

አጎትሽ ዘሥላሴ

*

ሳራጎሳ፣ ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ዘሥላሴ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ስቄ ስቄ ጎኔን አመመኝ፤ ያኛውን ጎኔን ነው፣ ደኅነኛውን።

ቃላቱን ይዤ ሄድኩ። ኮሊኮ፣ ፑንሳንቴ፣ ትከሻዬ ድረስ፣ እያልኩ ዘረገፍኩት። ሐኪሟ ቀና ብላ አየችኝና «ኩባዊ ነው ያስተማረሽ?» አለች። አነጋገሩ ያስታውቃል መሰለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዴን ጫን አድርጋ መረመረችኝ። አልትራሳውንድ ልታዝልኝ ብላ ቁጥሩን ጠየቀችኝ። ሦስት አልኩ።

ጋሼ፣ አይቆጡኝ። በአንድ ጨምሬያለሁ። አራት ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ ከበሩ ውጭ ዩኒፎርም የለበሰ ጥበቃ አየሁና ወደ ሦስት ወረድኩ። ሦስት ስላልኩ ቀጠሮው ለመጋቢት መጨረሻ ተሰጠኝ። የሚያቻኩል አይደለም አሉ።

ደስ የሚል ወሬም አለኝ። ጾመ ነቢያት ከገባ ጀምሮ ሕመሙ ለቀቀኝ። ዶኛ ኤንካርና ሥጋዋንና ቅቤዋን ስትበላ እኔ ምስርና ዳቦ ነው የምበላው፤ አሥራ አምስት ቀን ሙሉ አንድም ጊዜ አልተነሳብኝም። ጾሙ ነው ያዳነኝ እላለሁ። ቢሆንም ምሽት ላይ በሩን ስቆልፍ ይመለስብኝ ይሆን እያልኩ እፈራለሁ። ወድቄ ብቀር የሚያገኘኝ መራመድ የማትችል አሮጊት ናት።

የእማዬን ቅባት ገዛሁ። ጥሩው ነው፤ ሲቀቡት ያሞቃል። ሰው ሳገኝ እልካለሁ።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ቴዎፍሎስ ለገበያ ወደ እናንተ ሲወጣ በስልኩ የእማዬን ድምፅ ይቅዳልኝ። ስሜን ብቻ ትጥራ፣ ሌላ ምንም አትበል። ሰሞኑን ድምፅዋ ከጆሮዬ እየጠፋብኝ ነው።

ልጅዎ ሠናይት

*

አንኮበር፣ ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሠናይት፤ ልዑል እግዚአብሔር ከክፉ ነገር ይጠብቅሽ።

መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ። መንገዱ ሁለት ጊዜ ተዘግቶ ነበር። ቤትም ሰው በዝቶ ቁጭ ብሎ ለመጻፍ አልተመቸኝም።

ስለ ሕመምሽ ሳስብ ነው የከረምኩት። ጾሙ አዳነኝ ያልሽው ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ግን እኔ የከብት ሐኪም ነኝና ሌላም ነገር እጠረጥራለሁ። ቅቤና ሥጋ ስትተዪ የተወሽ ነገር፣ ቅቤና ሥጋ ስትበዪ ይመጣል ማለት ነው። ይህ የሐሞት ጠባይ ነው። በስንት ሰዓት ይነሳል? ምን በልተሽ ነበር? እነዚህን ለሐኪሟ ንገሪያት። የገና ዕለት ምን እንደሆንሽም ጻፊልኝ።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። ኩባ የገባን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባቴ ኦጋዴን ዘምቶ ከቀረ በኋላ እንደኔ ካሉ ብዙ ልጆች ጋር በመርከብ ወሰዱን። ሳምንት ሳይሞላኝ ሆዴ ባባ። እናቴ ናፈቀችኝ፤ ምግቡ አልወርድ አለኝ። ነርሷ ምን ሆንክ ስትለኝ ያወቅኳት አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረችና ሜ ዱዌሌ አልኩ፤ እጄንም ሆዴ ላይ አደረግሁ። የወስፋት መድኃኒት አጠጣችኝ። በሳምንቱ አሁንም ሄድኩ፤ አሁንም የወስፋት መድኃኒት። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ አልጋ ላይ አስቀምጣኝ አስተርጓሚያችንን ጠራችና፣ «እዚህ ያለው ወስፋት ከአገርህ ድረስ ረዝሟል» አለችኝ። ያኔ ነው ያለቀስኩት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አጠገቧ እያስቀመጠች ቃል ታስተምረኝ ጀመር። የላክሁልሽ ቃላት የእሷ ናቸው።

ይህን የምጽፍልሽ ሕመም ያለ ቦታው ሲነገር የማይሆን መድኃኒት እንደሚያስጠጣ እንድታውቂ ነው።

ድምፅ የመቅዳቱ ነገር ለጊዜው አልሆነም። ቅባቱንም ተይው፣ አትቸገሪ። ስለ እናትሽ አታስቢ። ስለ ራስሽ አስቢ።

ዘሥላሴ

*

ሳራጎሳ፣ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ፤

እንደምን አሉ ብዬ ወግ ማብዛት አልቻልኩም፣ ይቅር ይበሉኝ። 

በእኛ ገና ዕለት ዶኛ ኤንካርና ልጇ ያመጣላትን በግ አካፈለችኝ። በላሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ይነሳብኛል። ባለፈው ሰኞ ጀምሮኝ እስከ ረቡዕ አልለቀቀኝም። ትኩሳት አለኝ፣ ያንቀጠቅጠኛል። ትናንት ጠዋት ዶኛ ኤንካርና መጋረጃውን አስከፍታ ፊቴን ወደ ብርሃን አዞረችና አፏን በእጇ ያዘች። መስታወት ፊት ቆምኩ። የዓይኔ ነጭ ቢጫ ሆኗል።

ጋሼ፣ የወፍ በሽታ ነው የያዘኝ። ሐኪም ቤት ብሄድ መጀመሪያ የሚያደርጉት መርፌ መውጋት ነው፤ የወፍ በሽታ የያዘው ሰው ደግሞ መርፌ ካገኘው አያድርም። የጎረቤታችን የወገኔ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ከዓይኔ አልጠፋም። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ወስደው ወጉት፣ ሬሳውን ይዘው ተመለሱ። አሮጊቷ አምቡላንስ ልጥራ ስትለኝ ስልኩን ከእጇ ቀማኋት። በሕይወቴ አሮጊት ቀምቼ አላውቅም። እሷም አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ።

መዘዞ ከተማ ለወፍ በሽታ መድኃኒት የሚሰጡ አዋቂ እንዳሉ አስታውሳለሁ። ትንሽ ሆኜ እማዬ አዝላኝ የሄደችው እሳቸው ዘንድ ነው። ስለዚህ ቲኬት ቆርጫለሁ። የካቲት 20 ቀን እነሳለሁ። ከወጣሁ መመለሻ እንደሌለኝ አውቃለሁ፤ ወረቀቴም ይቅር። እማዬ መድኃኒቱን ታስይዝልኝ፣ እጇ ላይ ልዳን፤ ካልሆነም እጇ ላይ ልሙት። እዚህ ብቻዬን መሞት በጣም ፈርቻለሁ።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ልጠይቅዎ። ቅባቱን ተይው ያሉኝ ለምንድን ነው? የእማዬ ጉልበት በጥር ብርድ ዳነ? በጥር ወር ቤታችን ሰው የሚበዛው ለምን ጉዳይ ነው? ከዚህ በፊት በነበረው ደብዳቤ «የማሕፀኔ ፍሬ» ብላኝ ነበር፤ በዚህኛው አንድ ቃል የላትም። ለቴዎፍሎስ ስደውልለት «ሰው ቆሞብኛል» እያለ ይዘጋብኛል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ ሆዴ አንድ ነገር ይነግረኛል፤ እኔ ግን አልሰማውም። እርስዎ ይንገሩኝ። ታማለች? እውነቱን ካልነገሩኝ የማንንም ምክር አልሰማም። ቲኬቴን ይዤ እመጣለሁ።

ሠናይት

*

ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሠናይት፤

ደብዳቤሽ ትናንት እንደደረሰኝ ተነሳሁ። አውቶቡስ ስላልነበረ ግማሹን በእግሬ፣ ግማሹን በእህል መኪና ላይ ሆኜ መጣሁ። አሁን የቴዎፍሎስ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። እሱ በሩን ዘግቶ ወረቀቱን ከሥሬ ለመንጠቅ ቆሞ ይጠብቃል። እኔም ፈርቻለሁ። እንዲህ የፈራሁበትን ቀን አላስታውስም።

መጀመሪያ ሕመምሽ። ቢጫ ዓይን ወፍ አያመጣውም። ሐሞትሽ መንገዱ በጠጠር ተዘግቶ ወደ ደምሽ እየተመለሰ ነው። በበሬ አይቼዋለሁ፣ በበግ አይቼዋለሁ፤ ትኩሳትና መንቀጥቀጥ ሲጨመርበት በቀን የሚቆጠር ነገር አይደለም። ለየካቲት 20 አትደርሺም። ዛሬ ሂጂ።

መርፌ ይገድላል የሚለውን እርሺው። ወገኔን በቃሬዛ ከተሸከሙት አራት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ አርባ ቀን ቤት ውስጥ ቅጠል ሲያጠጡት ቆይተው፣ ነፍሱ ልትወጣ ስትል ነው ያስያዙን። ጤና ጣቢያ ስንደርስ እጁ ቀዝቅዞ ነበር። መርፌው የተወጋው የሞተ ሰው ነው ማለት ይቻላል። የገደለው መዘግየት ነው። በማግስቱ ሰዉ መርፌ ገደለው ሲል ሰምቼ ዝም አልኩ፤ ለቅሶ ቤት መከራከር ነውር መስሎኝ። ያ ዝምታዬ ይኸው ሠላሳ ዓመት ቆይቶ አንቺ ላይ ደረሰ።

ሁለተኛውን ገጽ በእስፓኞል ጽፌዋለሁ። መቼ እንደጀመረሽ፣ ምን ስትበዪ እንደሚነሳ፣ ወዴት እንደሚዞር፣ ሁሉንም አስፍሬያለሁ። ለሚያይሽ ሐኪም ምንም ሳትናገሪ ስጪው።

አሁን ስለ እናትሽ።

መርዶ በወረቀት አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ በንጋት በር ይመታል፣ የሚይዝሽ ሰው ከግራና ከቀኝሽ ይቆማል። እኔ የሚይዝሽ ሰው ልልክልሽ አልቻልኩም። ስለዚህ ከዚህ መስመር በታች ከማንበብሽ በፊት አሮጊቷ ዘንድ ሂጂ። አጠገቧ ቁጭ በዪ። እጇን ያዢ።

ይዘሻል?

እናትሽ ውዴ ታኅሣሥ 12 ቀን ዐርፋለች። ሳንባዋን ነው ያመማት፤ ስድስት ቀን ተኛች። አርባዋን አውጥተናል፤ ሰው በዝቶ ነበር ያልኩሽ ለዚያ ነው። ድምፅዋን ላክልኝ ያልሽው ደብዳቤ የደረሰኝ በሠልስቷ ዕለት፣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ነው።

ወረቀቷ ሳይወጣ እንዳትነግራት ብላ በሚካኤል አስምላኛለች። ትናንት መንገድ ከመጀመሬ በፊት ቄስ ወልደተንሣኤ ዘንድ ሄጄ ተንበረከክሁ። «መሐላው የተማለው ልጅቱን ሊጠብቅ ነው፤ ልጅቱን ከገደለ ምን ይረባል? ንገራት፣ ንስሐውን ለእኔ ተወው» አሉኝ።

እኔ ይህን ማድረግ አልነበረብኝም፤ ከሰው ሁሉ እኔ። ኩባ ሳለሁ በየስድስት ወሩ «እናትህ ደኅና ናት» የሚል ደብዳቤ ይመጣልኝ ነበር። በ1981 ዓ.ም. ስመለስ ስኳር በሻንጣ ይዤላት መጣሁ። ከሞተች ሰባት ዓመቷ ነበር። ደብዳቤዎቹን የጻፈችው እህቴ ውዴ፣ ያንቺ እናት ናት፤ መሠረተ ትምህርት በተማረችው ፊደል። ልጅ ነው፣ ብቻውን ነው፣ አይችለውም ብላ። ይቅር አልኳት፤ ግን ዘመኔን ሁሉ ያ ስኳር ትዝ ይለኛል። አንቺ በቲኬት መጥተሽ ባዶ ቤት እንድትገቢ አልፈቅድም።

የምትመጪባት እናት እዚህ የለችም። አትምጪ። እዚያው ዳኚ።

ለቅሶሽን አልቅሺ፤ ከዚያ ተነሺና አምቡላንሱን ጥሪ።

ዘሥላሴ

*

ሳራጎሳ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ዘሥላሴ፤ እኔን ያተረፈ አምላክ እርስዎንም ያቆይልኝ።

የምጽፈው ከሐኪም ቤት አልጋ ላይ ነው። ቆሜ መሄድ ጀምሬያለሁ።

እንዳሉኝ አደረግሁ። ዶኛ ኤንካርና አጠገብ ተቀምጬ እጇን ያዝሁ። ለምን እንደያዝኋት ሳታውቅ ጨብጣኝ ጠበቀች። ከዚያ ያቺን መስመር አነበብኩ። ምን እንዳልኩ አላውቅም፤ የጮህኩት ባገሬ ቋንቋ ነው። ደረቴን ስመታ እጄን ይዛ አልለቅ አለች። ጣቶቿ በቁርጥማት የተጣመሙ ናቸው፤ እንዴት እንዲያ እንደጨበጠችኝ እስካሁን ይገርመኛል። አምቡላንሱን የጠራችው እሷ ናት። በዚህ ጊዜ ስልኩን አልቀማኋትም።

ሐኪም ቤት ስደርስ የማላውቀው ወጣት ሐኪም ነበር። ወረቀትዎን ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበውና «ከዜሮ እስከ አሥር?» አለኝ። አሥር አልኩ። የትኛውን ሕመም እንደሆነ አልለየሁም፤ ሁለቱም አንድ ላይ ነበሩ። ደግሜ ደጋግሜ አሥር አልኩ፣ እሱም ገባኝ እያለ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። መርፌ ሲወጉኝ ዓይኔን ጨፍኜ ወገኔን አሰብኩ። በማግስቱ ጠዋት ዓይኔ ተገለጠ። ጠጠሮቹን አውጥተዋል፤ በብልቃጥ አሳይተውኛል። ስለ ወረቀቴ እስካሁን የጠየቀኝ የለም።

በሦስተኛው ቀን በሩ ተከፈተና ዶኛ ኤንካርና በተሽከርካሪ ወንበር ገባች። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች። «ቴ አኮምፓኞ ኤን ኤል ሴንቲሚየንቶ» አለችኝ፤ በሐዘንሽ ውስጥ አብሬሽ እሄዳለሁ እንደ ማለት ነው። እስከ ማታ አጠገቤ ተቀመጠች። በማግስቱም መጣች። በሦስተኛውም። ለቅሶ ደረሰችኝ፣ ጋሼ፤ ማንም ሳያስተምራት።

ተቆጥቼብዎት ነበር። አሁን አልቆጣም። እማዬ ያስማለችዎትን አፍርሰው እኔን አቆዩኝ፤ በዚህ ነገር ከእሷ ጋር በሰማይ እንጣላለን እንጂ እርስዎ ዕዳ የለብዎትም።

ግን በደብዳቤዎችዎ ሁሉ ስለ እኔ ጎድን ነው የጻፉት። የሞተችው እህትዎም ናት። ካለ እሷ ሌላ ወንድም እህት እንደሌለዎት አውቃለሁ። እንዴት ነዎት ብዬ ብጠይቅ ደኅና ነኝ እንደሚሉኝም አውቃለሁ። ስለዚህ እንደነሱ ልጠይቅዎ። ከዜሮ እስከ አሥር፣ የእርስዎስ ስንት ነው?

ልጅዎ ሠናይት

*

አንኮበር፣ መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሠናይት፤ ለአሮጊቷም ጭምር እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ።

መትረፍሽን ስሰማ ከበረት ውስጥ ነበርኩ፤ እዚያው ተንበረከክሁ። ላሟ ገረማት።

ለጥያቄሽ መልስ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ ብዬ ጽፌ ነበር። ወረቀቱን ቀደድኩት። ይህ ሁለተኛው ነው።

ዓይነቱ ሶርዶ ነው፣ ያ ደንቆሮው። ሥራ ላይ ሳለሁ ዝም ይላል፤ ወደ ቤት ስመለስ አጥሩ ጋ ቆሞ ይጠብቀኛል። ቁጥሩ ዘጠኝ ነው። አሥሩን በ1981 ጨርሼዋለሁ።

ያ ቅባት ካልተጣለ ላኪልኝ። ጉልበቴን ያመኛል፤ ቆይቷል። እናትሽ እያለች እሷ ታማርር ብዬ ነው ዝም ያልኩት።

አጎትሽ ዘሥላሴ